የታሰረችው ሎደር

እናቴ ሎደሯን ያሰረቻት ማክሰኞ ቀን ነው። «ያሰረቻት» የምለው ያኔ እንደዚያ ስለመሰለኝ ነው። ሰው ሲያጠፋ ፖሊስ መጥቶ ይይዘዋል። ሎደሯ የአባቴን እግር ጨፍልቃለች፤ ፖሊስ ግን እኛ የድንጋይ ካባ ድረስ ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ እናቴ ራሷ ያዘቻት። ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም።

ስሜ ዳፑ ነው። በእኛ በራጃስታን ገጠር ሦስተኛዋም ሴት ሆና ስትወለድ «በቃን» ለማለት የሚያወጡት ስም ነው። ሁለቱ እህቶቼ ተድረው ሄደዋል። ቤት ውስጥ ማንም ስለማይውል በየማለዳው ከእናቴ ከኬሰር ጋር ካባ እወርድ ነበር። ካባው እርከን በእርከን እየተቆረጠ የወረደ ትልቅ ቀይ ጉድጓድ ነው። ወንዶቹ ድንጋዩን በሽብልቅና በመዶሻ ይሰነጥቃሉ፤ ሴቶቹ ፍርስራሹን በቅርጫት ተሸክመው ያወጣሉ፤ ትልልቁን ጥርብ ደግሞ ሎደሯ እያነሳች ገልባጭ ላይ ትጭናለች። ቢጫ ነበረች። ቀለሟ ተላልጦ ዝገቷ ወጥቷል፤ የኋላ ጎማዋ ቁመት እስከ አባቴ ደረት ይደርሳል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ዛፍ የሚባል ነገር ስላልነበረ ጥላ የሚገኘው ከእሷ ሥር ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት ሁሉም ወደ እሷ ይጠጋል። እኔም ስለዚህ እወዳት ነበር።

ያን ቀን አባቴ ላዱ ከኋላ ጎማዋ ሥር ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። እኔና እናቴ ላይኛው እርከን ላይ ነበርን። መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት አይደለም። «ቋ!» የሚል ደረቅ ድምፅ ነው፤ ድንጋይ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው። በካባ ውስጥ ይህ ድምፅ ሲሰማ ስለሚዋል ዘወርም አላልኩ። ከዚያ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ጮኸ። ዞር ስል ሎደሯ፣ ማንም ሳይነዳት፣ ከበረት እንደምትወጣ ላም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደችና የፍርስራሽ ክምር ይዟት ቆመች። ማንንም ለመጉዳት የቸኮለች አትመስልም ነበር።

ወንዶቹ በዲጂኖ እየፈነቀሉ አባቴን አወጡት። አልጮኸም። እግሩን ያየሁት እናቴ ዓይኔን በእጇ ሳትሸፍነኝ በፊት ለአንድ አፍታ ነው፤ ያችው አፍታ እስከ ዛሬ አለች። ገልባጭ ላይ ሲያስተኙት የእናቴን ክንድ ያዘና ወደ ራሱ ጎተታት፤ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ተናገረ። እሷም ራሷን ነቅንቃ «እሺ» አለችው። እየተሰናበታት መሰለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም አብሮት ተሳፈረና ገልባጩ ወደ ከተማ ሆስፒታል ሄደ። እናቴ ግን አልተሳፈረችም። አቧራው እስኪረግብ ቆማ አየችው። ከዚያ ወርዳ ሎደሯ ጋ ሄደች። በአራቱም ጎማ ሥር ወንዶቹ ወፋፍራም ድንጋይ ታኮ አድርገው ነበር፤ እየዞረች አንድ በአንድ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አየች። ቀጥላም ከኋላዋ፣ አባቴ ከወደቀበት ደም ትንሽ ፈንጠር ብላ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

የሎደሯ ፊት ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተፋጥጧል። ወደ ኋላ ካልሄደች በስተቀር መውጫ የላትም። እናቴ የተቀመጠችው መውጫዋ ላይ ነበር።

ካቦው ኦንካር ከሰዓት በኋላ መጣ። ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሁልጊዜ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ነው። እናቴ ገና ከሩቅ ስታየው የሻርፗን ጫፍ እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው። እኛ ዘንድ ያገባች ሴት ለእንዲህ ያለ ሰው ፊቷን አታሳይም፤ በቀጥታም አታነጋግረውም። መልሷን የሚያደርስላት ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሌላ ሰው እኔ ሆንኩ።

«የላዱ ሚስት፣ ያዘንነው ሁላችንም ነን» አለ ካቦው። «ግን እውነቱን መሸፈን አይቻልም። ጠጥቶ ነው እዚያ የተኛው። ሹፌሩ ባንዋርም ሞኝ ነው፤ ፍሬን ሳይዝ ወርዷል። አሁን ተነሺ፤ ማሽኗ ለጥገና መሄድ አለባት።»

«ዳፑ» አለች እናቴ ከሻርፗ ሥር፤ «ለካቦው ንገሪው፤ እስከ ዛሬ ለጥገና ሄዳ የማታውቅ ማሽን ዛሬ ምን አስቸኮላት በዪው።»

እሱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። ቢሆንም ደገምኩለት። ካቦው ፈገግ ብሎ አየኝ።

«ለእናትሽ ንገሪያት፤ የሴት ቦታ ባሏ አጠገብ ነው።»

«ለካቦው ንገሪው፤ ባሌ ቦታዬን ነግሮኛል።»

ይህን ሳደርስ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ አባቴ ጠጥቶ ነበር መባሉ ነው። ለቀለም በዓል ጠጥቶ እየጨፈረ ከውሃ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ አይቼዋለሁና አመንኩ። አፈርኩበትም። ዛሬ ሳስበው፣ ከጎማው ሥር ሲያወጡት በቀኝ እጁ የማሽላ ቂጣ ይዞ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የተቀባ ቂጣ። ያ ሁሉ ሲሆን አልለቀቀውም። የሰከረ ሰው አልነበረም፤ የራበው ሰው ነበር። ይህን በዓይኔ አይቼ ነው የካቦውን ቃል ያመንኩት።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ባንዋር መጣ። የሎደሯ ሹፌር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለእኔ በኪሱ ሽምብራ የሚይዝልኝ ሰው። አሁን ግን አባቴን ያስገጨው እሱ ነበር፤ ካቦው ራሱ ብሏላ። ከእናቴ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና አንገቱን ደፋ። እናቴ ከያዘችው ቂጣ ግማሹን ቆርሳ፣ አሬራ ቀድታ፣ «አድርሺለት» አለችኝ።

አላደርስም አልኩ። ድንጋይ አነሳሁና ወረወርኩበት። ግንባሩን አገኘሁት፤ ቀጭን ደም እስከ ቅንድቡ ወረደ። ባንዋር አልጠረገውም።

እናቴ ተነስታ በጥፊ አለችኝ። በሕይወቴ ከእሷ የቀመስኳት ያችው አንዲት ጥፊ ነች። ከዚያ ቂጣውን ራሷ ወስዳ ሰጠችው።

«ብላ አንተ ልጅ» አለችው። «በባዶ ሆድ መንገድ አይወጣም።»

«እትዬ ኬሰር፣ አውራ ጣትህን አሳርፍ እያሉኝ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ፍሬን የረሳሁት የሚል ወረቀት ነው። ካሳረፍኩ ሥራዬ አይነካም አሉኝ።»

«አሳረፍክ?»

«አውራ ጣቴን ይቁረጡት።»

ከዚያ ባንዋር በላ፣ አሬራውን ጠጣ፣ ጫማውን አጠባበቀና በእርከኑ መወጣጫ ሽቅብ ወጥቶ ሄደ። በዚያ ቀን አልተመለሰም፤ በሚቀጥለውም አልተመለሰም። «አመለጠ!» አልኩ በልቤ። እናቴ ዋናውን ጥፋተኛ አብልታ ሸኝታ ማሽን ትጠብቃለች። ተናደድኩባት።

ንዴቴን ያባሰችው ደግሞ የአባቴ እህት ጊሲ ናት። ጊሲ አክስቴ ቅርጫት ከሚሸከሙት ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ፣ በምላስም ስለታሟ ነበረች። ፍርስራሽ ተሸክማ ባለፈች ቁጥር ሳትናገር አታልፍም።

«እዩልኝ ጉድ! ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ሚስቲቱ ብረት ታስታምማለች!» ትላለች። ስትመለስ ደግሞ፣ «ምነው እቴ፣ ትኩሳት አላት እንዴ ሎደርሽ? ሾርባ ላምጣላት?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እናቴ ዓይኗን ከጎማው አታነሳም። እኔ ግን አክስቴ እውነቷን ነው እል ነበር። አባቴ ብቻውን ነው። እኛ እዚህ ነን። እናቴ ከአባቴ ይልቅ ሎደሯን መርጣለች። የማሽኗ መታሰር ለእኔ ምኔ ነው? አባቴን ነው የምፈልገው።

ሐሙስ ዕለት ካቦው ኦንካር ለብቻዬ አገኘኝ። ዕቃ ቤቱ አጠገብ ነበርኩ፤ ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብሎ ጥላ አደረገልኝና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ስኳር አወጣ። ተቀበልኩት። ጣፋጩ ጥርሴ ላይ ሲሟሟ እስካሁን ይታወቀኛል።

«አባትሽ ትናንት ስምሽን ሲጠራ ነበር አሉ» አለኝ።

ጣቶቼን እየላስኩ ቀና ብዬ አየሁት።

«እኔ ዛሬውኑ በገልባጭ ልወስዳችሁ እችላለሁ። እናትሽ ግን ግትር ናት። ከዚያች ማሽን ጋር ተጣብቃ ቀረች። ማሽኗ ከሄደች ግን የምትጠብቀው ነገር አይኖራትም፤ አይደል? ያኔ ወደ አባትሽ ትሄዳላችሁ።»

ትክክል መሰለኝ። እስረኛው ከሌለ ዘበኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ለመሆኑ ከዚያ ቦታ የምትነሳበት ሰዓት አለ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የላይኛውን እርከን ስትነካ ውሃ ጋ ትሄዳለች» አልኩት። «እኔን በቦታዋ ታስቀምጠኛለች።»

ራሴን ዳበሰኝ። ሌላም ጥቁር ስኳር ጨመረልኝ። ለአባቴ ልወስድለት ቀሚሴ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ዓርብ ጠዋት ፀሐይዋ ላይኛውን እርከን ስትነካ እናቴ የውሃ ቆርቆሮዋን አነሳች።

«ቦታዬን ጠብቂ» አለችኝ። እንደ ወትሮው። ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ካቦው መጣ። አብሮት ጢሙ የሸበተ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ሹፌር ነበር። ከሌላ ካባ ያመጣው ነው፤ ኢሻቅ ይሉታል።

«ነይ ዳፑ፣ ተነሺ» አለኝ ካቦው።

ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነው የተነሳሁት።

ሽማግሌው ወዲያው አልወጣም። መጀመሪያ በጎማዎቹ ሥር ያሉትን ድንጋዮች አየ። «ማነው በድንጋይ የቀፈደዳት?» አለ። ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን ሳያስነሳ ፔዳሉን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ከቆምኩበት ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኝ ነበር፤ ጭቃ የሚረግጥ ይመስላል። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሊይዝ እጁን ሰደደ። የእጅ ፍሬን አልነበረም። ተነቅሎ ቀዳዳው ጨርቅ ተወትፎበታል።

ከወንበሩ ሆኖ ወደ ታች አየኝ። «ልጅቷን ከዚያ አርቋት!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። «አርቋት እላለሁ! ፍሬን የላትም!»

«ቀስ በል እንጂ አያ ኢሻቅ» አለ ካቦው። «መንገዱ ሜዳ ነው። በማርሽ ይዘህ ቀስ እያልክ...»

«በማርሽ?» ሽማግሌው ወረደ። «ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። በእግዜር ስም የሚቆም ማሽን ነድቼ አላውቅም። ይቺ ነች ያን ሰው የበላችው? ይቺን ነው ንዳ ያልከኝ?»

ያን ጊዜ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ለሥራ የሚወርዱበት ሰዓት ነበር። መወጣጫው ላይ እንደቆሙ ሁሉንም ሰሙ። ከኋላቸው እናቴ ቆርቆሮዋን ይዛ ብቅ አለች።

ካቦው ያያት ይመስለኛል። ጃንጥላውን ጣለ። ከዚያ በፊት ጃንጥላውን ሲጥል አይቼው አላውቅም። «ወንድ ጠፋ?» ብሎ ራሱ ተንጠላጥሎ ወጣና ሞተሩን አስነሳው። ጥቁር ጭስ ተነሳ፤ ካባው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ከሥሩ ለቆሙ ሁለት ልጅ እግር ሠራተኞች «ታኮውን አንሱ!» አላቸው። ልጆቹ ተያዩና ንቅንቅ ሳይሉ ቀሩ።

እናቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀንም አልሮጠችም። ቆርቆሮዋን አስቀመጠች፤ በሰዎቹ መሃል አለፈች፤ መጣችና ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ በነበረችበት ቦታዋ፣ ቁጭ አለች። ከዚያ እጇን ወደ ግንባሯ ላከችና ሻርፗን ገልብጣ ወደ ኋላ ጣለችው።

ፊቷ ፀሐይ ላይ ዋለ። ሴቶቹ «ኧረ!» አሉ። እኔ ሻርፗ የተንሸራተተባት መስሎኝ፣ «እማ! ፊትሽ! ፊትሽ!» እያልኩ ልሸፍናት ሮጥኩ። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ኦንካር!» አለች። ጋሼ የለ፣ ካቦ የለ። የእኔን አፍ አልተጠቀመችም። «እየኝ። በደንብ እየኝ። ነገ የማዕድን ቢሮ ኢንስፔክተር ሲመጣ ሴትየዋ ማን እንደነበረች አላውቅም እንዳትል። የላዱ ሚስት ኬሰር ነኝ። ባሌ አልጠጣም። ባንዋር አልረሳም። ይቺ ማሽን ፍሬን እንደሌላት ሦስት ጊዜ ተነግሮሃል። አሁን ከፈለግክ ና፣ ወደ ኋላ ንዳት!»

ሞተሩ ይጮሃል። ካቦው ከላይ ሆኖ፣ «አንቺ ባለጌ! ዓይን አውጣ! ባልሽን ጥለሽ እዚህ ከወንድ ጋር...»

አልጨረሰም። ጊሲ አክስቴ ቅርጫቷን መሬት ላይ ወረወረችው።

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። «እሷን መስደብ የእኔ ፈንታ ነው፤ የወንድሜ ሚስት ናት። አንተን ማን ፈቀደልህ?» እያጉረመረመች መጥታ ከእናቴ ጎን ዘፍ አለች። «ጠጋ በይ እንግዲህ። ሁሉን ቦታ ይዘሽው።»

ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌላዋ። አሥራ አንድ ሴቶች ቅርጫታቸውን እየጣሉ ከጎማው እስከ ጎን ግድግዳው ድረስ ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ ጨቅላ ታጠባ ነበር፤ ማጥባቷን አላቋረጠችም። ሽማግሌው ኢሻቅ ቆቡን አስተካክሎ ከመጨረሻዋ ሴት ቀጥሎ፣ ለወጉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ እሱም ተቀመጠ።

ካቦው ሞተሩን አጠፋው። ፀጥታው ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ኢንስፔክተሩ የመጣው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጂፑ መወጣጫው አፍ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የወረደው ባንዋር ነበር፤ ግንባሩ ላይ የእኔ ድንጋይ ያወጣው ቁስል ደርቆ። ተይዞ የመጣ መሰለኝ። «ያዙት! ያዙት!» ብዬ አጨበጨብኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ባንዋር አላመለጠም። በእግሩ እስከ አውራ ጎዳና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጣሪያ ከተማ ሄዶ፣ የማዕድን ቢሮው በር ላይ ሁለት ቀን ቆሟል። አላስገባ ሲሉት እዚያው ተቀምጧል። እናቴና እሱ በአንድ ሳምንት፣ በሁለት ቦታ፣ አንድ ሥራ ይሠሩ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እሷ ማሽኗን ካልጠበቀች እሱ የሚያሳየው የለውም፤ እሱ ሰው ካላመጣ እሷ የምትጠብቀው ለከንቱ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያችን ድንጋይ ባስታወስኩ ቁጥር እጄ ያፍራል።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ፣ የደከመው ሰው ነበር።

«እህቴ፣ ተነሺ፣ ማሽኗን ልይ» አላት።

«መጀመሪያ ውጣና ፔዳሉን ርገጠው» አለችው። ፊቷ እንደተገለጠ ነው። «ከዚያ እነሳለሁ።»

ወጣ። ረገጠ። ወርዶ ከሥሯ ተኝቶ በእጅ ባትሪ አየ። ሲነሳ ሸሚዙ በሙሉ ቀይ ሆኖ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ጻፈ።

«አንብበው» አለች እናቴ።

«ለማን?»

«ለሁላችን። ማንበብ ባንችል ጆሮ አለን።»

ካቦው፣ «ጌታዬ፣ ይህ እኮ የመንግሥት...» ብሎ ጀመረ። ኢንስፔክተሩ በእጁ ዝም አሰኘው። ምናልባት ሙቀቱ ሰልችቶት ይሆናል፤ ምናልባት አሥራ አንዱ ሴቶች ሲያዩት አፍሮ። ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ የፍሬን ዘይት ማስተላለፊያው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ የእጅ ፍሬኑ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ማሽኑ የቆመው በድንጋይ ታኮ ብቻ ነበር፤ ታኮው ከክብደቱ የተነሳ ተሰንጥቆ ማሽኑ ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

«ጠጥቶ የሚል አለበት?» አለች እናቴ።

«የለበትም።»

«ባንዋር ረሳ የሚል?»

«ሹፌሩ ለካቦው ሦስት ጊዜ አስታውቋል ይላል።»

«በል እንግዲህ እኛም እናሳርፍበት።»

«ምስክር ሁለት ይበቃል፤ ቀለምም የለኝም...»

«ቀለም?» አለች ጊሲ አክስቴ፤ አውራ ጣቷን ምራቋ ውስጥ ነክራ መሬቱ ላይ አሸችው። «ከዚህ የበለጠ ቀለም ከየት ይመጣል?»

አሥራ ሁለት ቀይ አውራ ጣት በዚያ ገጽ ላይ አረፈ። ኢሻቅ ስሙን መጻፍ ይችል ነበርና ጻፈ። ካቦውም ጃንጥላውን አንስቶ ሄደ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ነው የተነሳችው። እግሯ ደንዝዞ ስለነበር ባንዋርና አክስቴ ደገፏት። በኢንስፔክተሩ ጂፕ ከተማ ገባን።

የአባቴ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ነበር። አንሶላው እግር መኖር በሚገባው ቦታ ላይ ዝርግ ብሏል። በሩ ላይ ስንታይ መጀመሪያ ያለው «ዳፑ» አይደለም፤ «እንዴት ነሽ» አይደለም።

«ማሽኗስ?» አለ።

«ካለችበት ንቅንቅ አላለችም» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ። ፈገግታው ቀስ እያለ መጣ። «እንዳያነሷት ብዬ ጆሮሽ ላይ ስነግርሽ፣ እስከ ማታ ብትቀመጪ ብዬ ነበር እኮ።»

እናቴ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እኔ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የቋጠርኩትን ጥቁር ስኳር ፈትቼ ልሰጠው አልኩና ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም ነበር። መስኮቱ ሥር ለጉንዳኖች ጣልኩት።

ፍርዱ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ ግን እኛ አሸነፍን። ያ ገጽ ባይኖር «የሰከረው ላዱ» ተብሎ ይቀር ነበር። እናቴን ከዚያ ወዲያ በአካባቢው የቀጠራት ካባ የለም። ካቦዎች ሁሉ ፊቷን ያውቁታል፤ አልሸፈነችውማ። ሆኖም በየካባው ማሽን ሰው በጎዳ ቁጥር ሴቶቹ «ኬሰርን ጥሩ» ይላሉ፤ እሷም ውሃዋን ይዛ ትሄድና ማሽኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ዕድሜ ልኳን ሰባት ማሽን አስራለች። ሁለቱን በጉልበት ቀምተዋታል፤ አንዴም እጇን ሰብረዋታል። ሲድንላት ስምንተኛው ጋ ልትሄድ ስትነሳ ነው አባቴ በር ላይ ተጋድሞ ያስቀራት።

እኔ ዛሬ ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ቤት እሠራለሁ። እለካለሁ፣ እቀርጻለሁ፣ ማሰሪያ እሰፋለሁ። ከካባ የሚመጣ ሰው የሌለበት ሳምንት የለም። ስም ከመጠየቄ በፊት፣ «ፍሬን ነበራት?» እላቸዋለሁ። መልሱን እጽፋለሁ። አለቃዬ ይህ ሥራሽ አይደለም ይለኛል። አውቃለሁ እለዋለሁ።

አምና አባቴ አምስተኛ እግሩን ሊለካ መጣ። እናቴም አብራው ነበረች፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። አባቴን ጎንበስ ብዬ እየለካሁ ሳለ፣ ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ።

«እማ፣ ለኦንካር የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ውሃ የምትሄጂበትን ሰዓት። ጥቁር ስኳር ሰጥቶኝ ነገርኩት።»

እጇ አተሩ ላይ ቆመ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም፤ ሜትሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለች።

«ስምንት።»

«ኦንካርስ?»

«እኔ ምን አውቄ። አርባ ምናምን።»

«አርባ ስድስት» አለች። «ታዲያ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ጥፋት አንቺን ምን አግብቶሽ ይህን ሁሉ ዓመት ትሸከሚለታለሽ?» ድምፏ ከፍ እያለ ሄደ፤ ዞረው የሚያዩን ሰዎች ነበሩ። በእኔ አልነበረም የተቆጣችው። «በላዱ ላይ ሊጭኑት ሞከሩ፣ እንቢ አልን። በባንዋር ላይ ሊጭኑት ሞከሩ፣ እንቢ አልን። በልጄ ላይ ተጭኖ ኖሯል እንዴ? አውርጂው! አሁኑኑ አውርጂው! የራሱ ነው፣ ይመለስለት!»

አባቴ ሳቀ። «የሰማሽውን አድርጊ» አለኝ። «ካልሆነ እዚህም መቀመጧ ነው።»

እናቴ አተሯን ከጭኗ አራግፋ መጣችና ከጎኔ በርከክ አለች፤ አሮጌውን እግር ለአባቴ መልሳ አጠለቀችለትና ማሰሪያውን ወገቡ ላይ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው።

«ቁም እስቲ» አለችው።

ቆመ።